ሥሩን ስንፈልግ እጁን አንርሳ

ርእሰ አንቀጽ

በዚህ ሴሚስተር በክርክር ክበባችን ከተነሡት ርእሶች ሁሉ እንደ ታላላቆቹ የአውሮጳ ጦርነቶች ምክንያት ተማሪውን ያነጋገረ የለም። አዳራሹ ውስጥ የተጀመረው ክርክር ወደ ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤትም ወደ መኝታ ክፍል ተዛምቶ እስከ ዛሬ አልበረደም። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ክርክሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ከተናጋሪዎቹ የሚበዙት «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት ይዘው ተነሡና አንዱ ሥሩ ኢምፔሪያሊዝም ነው አለ፤ ሁለተኛው ብሔርተኝነት ነው አለ፤ ሦስተኛው የቃል ኪዳን ሰንሰለትና የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም ነው አለ። ጭብጨባው ለሁሉም እኩል ነበር። ጦርነቱን ማን እንዳወጀው ግን ከመድረኩ ላይ የጠየቀ አልነበረም። ሰው የሌለበት ጦርነት ሲተረክልን አመሸ።

እኛ የተለየ ሐሳብ አለን። ኢምፔሪያሊዝሙም፣ ብሔርተኝነቱም፣ የቃል ኪዳኑም ሰንሰለት እውነት ናቸው፤ ማንም አይክዳቸውም። ሆኖም እነዚህ ነገሮች ጦርነት እንዲቻል ያደርጋሉ እንጂ የክተት አዋጅ አይፈርሙም። አዋጅ የሚፈርመው ስምና ማዕረግ ያለው ሰው ነው። እንግዲህ ሥር ከተፈለገ፣ ከሥሮቹ ሁሉ የጠለቀው ያ ሰው ብዕሩን ሲያነሣ «ቆይ፣ ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ያልነበረ መሆኑ ነው ብለን እንከራከራለን። (ለይተን ካላመለከትን በቀር ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ሒሳብ እንመልከተው። በ1905 የጀርመኑ ቄሣር ዳግማዊ ዊልሄልም ታንጀር ወርዶ በሞሮኮ ጉዳይ ፈረንሳይን ተገዳደረ። በ1908 ኦስትሪያ-ሁንጋሪያ ቦስኒያን ጠቅልላ ወሰደችና ሩሲያ በቁጣ ነደደች። በ1911 ጀርመን «ፓንተር» የተባለችውን የጦር መርከብ ወደ አጋዲር ላከች። በ1912 እና በ1913 የባልካን መንግሥታት መጀመሪያ ከቱርክ ጋር፣ ቀጥሎም እርስ በርሳቸው ተዋጉ። በእነዚህ አራት ጊዜያት ቅኝ ግዛቱ ነበረ፤ ብሔርተኝነቱ ነበረ፤ ቃል ኪዳኖቹም ነበሩ፤ እንግሊዝ በ1906 ድሬድኖት የተባለውን መርከብ ባሕር ላይ ካወረደች ወዲህማ የመርከቡ እሽቅድምድም ጦፎ ነበር። ታላቁ ጦርነት ግን አልመጣም። አንድ ምክንያት አምስት ጊዜ ተገኝቶ አራቱን ጊዜ ያለ ውጤት ካለፈ፣ አምስተኛውን ለማስረዳት ያው ምክንያት ብቻውን አይበቃም። ይህን የሚክድ የፊዚክስ ተማሪ ካለ ይምጣና ያስረዳን። እያንዳንዱ ቀውስ ቂም ጥሎ አለፈ፣ የተጠራቀመውም ቂም በአምስተኛው ፈነዳ የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ይሁን እንጂ ቂምም ቢሆን የሚያዘው በሰው ልብ ውስጥ ነው።

ታዲያ በ1914 የተለየው ምን ነበር? ጁን 28 ቀን የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከነባለቤቱ ሳራየቮ ላይ በጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ጥይት ተገደለ። ፕሪንሲፕ የ19 ዓመት ወጣት ነበር፤ እኛን የሚያክል ልጅ። የሚገርመው ግን በቪየና ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሰርቢያ ጋር ጦርነት አይበጀንም ሲል የኖረው ይኸው አልጋ ወራሽ መሆኑ ነው። የኤታ ማዦር ሹሙ ኮንራድ ፎን ሆትሰንዶርፍ በ1913 ብቻ ከ20 ጊዜ በላይ «ሰርቢያን እንውጋ» ብሎ ጠይቋል፤ ካገዱትም ሰዎች አንደኛው ፈርዲናንድ ነበር። ጥይቱ ጦርነት አላወጀም፤ ጦርነቱን ይከለክል የነበረውን ሰው ግን ከመካከል አነሣው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በየቀኑ ይታወቃል። ጁላይ 5 ቀን ዊልሄልም የኦስትሪያን አምባሳደር ፖትስዳም ላይ ምሳ ጋብዞ ጀርመን ከኦስትሪያ ጎን እንደማትለይ አረጋገጠለት፤ በማግሥቱም ወደ ኖርዌይ ባሕር ለሽርሽር ተነሣ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን «ባዶ ቼክ» ይሉታል፤ ተፈርሞ የገንዘቡ ልክ ሳይጻፍበት የተሰጠ ማለት ነው። ጁላይ 7 ቀን በቪየናው የሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ የሁንጋሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቲሳ ብቻውን ተቃወመ፤ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ እሱም ተረታ። ጁላይ 23 ቀን ለሰርቢያ የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ሰዓቱ የተመረጠው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ፑዋንካሬ ከፒተርስበርግ ተነሥቶ መርከብ ላይ እስኪሆን፣ ከሩሲያ ሹማምንት ጋር ፊት ለፊት እንዳይመክር ታስቦ ነው። ሰርቢያ ከተጠየቀችው አብዛኛውን ተቀበለች። ዊልሄልም ጁላይ 28 ቀን ጧት መልሷን ሲያነብ፣ ከእንግዲህ ለጦርነት ምክንያት የሚሆን ነገር የለም የሚል ሐሳብ በራሱ እጅ ጻፈ። በዚያው ቀን ኦስትሪያ ጦርነት አወጀች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሥር የተባለው ነገር ሁሉ ጁላይ 28 ቀን ጧት በየቦታው ነበረ፤ አንዱም አልጎደለም። ያም ሆኖ ከባለጉዳዮቹ ዋነኛው ሰውዬ በገዛ ብዕሩ ምክንያት የለም አለ። ያቃተው የሰጠውን ቼክ መልሶ መውሰድ ነው። ይህ የኢምፔሪያሊዝም ሕግ አይደለም፤ የአንድ ግዴለሽ ሰው ሥራና ያንን ሰው ሊጠይቅ የሚችል ኃይል በአገሩ አለመኖር ነው።

በፒተርስበርግም ነገሩ ያው ነው። ዛር ኒኮላስ ጠቅላላውን የክተት አዋጅ ፈቀደ፤ ጁላይ 29 ቀን ማታ ከዊልሄልም የመጣ ቴሌግራም አንብቦ ሻረው፤ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳዞኖቭ ሲወተውተው ቆይቶ እንደገና አዘዘ። የኤታ ማዦር ሹሙ ያኑሽኬቪች፣ ዛሩ ሐሳቡን ዳግመኛ እንዳይለውጥ ስልኬን ሰብሬ እጠፋለሁ ማለቱ ተጽፏል። ከ9 ሚሊዮን ያላነሰ ወታደር ያለቀበት ጦርነት በአንድ የስልክ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበረ አስቡት። ይህን «የታሪክ ግዴታ» ብሎ መጥራት ለግዴታም ለታሪክም ክብር አይሆንም።

ከተናጋሪዎቻችን አንዱ «ባቡሩ ከተነሣ ማን ያቆመዋል?» ብሎ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜም ቃል በቃል ተጠይቋል። የጀርመን የጦር ዕቅድ፣ ፀቡ የባልካን ቢሆንም እንኳ በቤልጅግ በኩል አልፎ ፈረንሳይን መምታት ነበር። ኦገስት 1 ቀን ዊልሄልም ሠራዊቱ ወደ ምሥራቅ ብቻ ይዙር ባለ ጊዜ የኤታ ማዦር ሹሙ ሞልትኬ አይሆንም፣ የተሰናዳው ሁሉ ይበላሻል ብሎ መለሰለት። የባቡሩ ክፍል ኃላፊ የነበረው ጄኔራል ፎን ሽታብ ግን በ1925 መጽሐፍ አሳትሞ ሊዞር ይችል እንደነበር ሠንጠረዡን ዘርግቶ ተከራከረ። እንግዲህ አይቻልም የተባለው አልተሞከረም ነበር።

ለመሆኑ ማን ተጠየቀ? የኦስትሪያ ምክር ቤት በማርች 1914 በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሽትዩርክ ትእዛዝ ተዘግቶ ስለነበር ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል የተናገረ እንደራሴ የለም፤ ሕንጻውም ኋላ የቁስለኞች ሆስፒታል ሆነ። በጀርመን ቻንስለሩን የሚሾመውም የሚሽረውም ቄሣሩ ነው፤ ምክር ቤቱ የተጠራው ኦገስት 4 ቀን፣ ሠራዊቱ ቤልጅግ ከገባ በኋላ፣ ገንዘብ እንዲፈቅድ ብቻ ነበር። በ1912 ምርጫ 110 መቀመጫ አግኝቶ ከሁሉ የበለጠው የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲም ከዓመታት የፀረ ጦርነት ስብከት በኋላ እጁን አወጣ። ምክር ቤት አለን በሚሉት በእንግሊዞች ዘንድ እንኳ ከ1906 ጀምሮ ከፈረንሳይ የጦር መኮንኖች ጋር ይደረግ የነበረው ምክክር ከብዙዎቹ ሚኒስትሮች እስከ 1911 ተሠውሮ ኖሯል።

እምቢ ያሉም ነበሩ፤ የእነሱን ስም በታሪክ ፈተና ላይ የጠየቀን መምህር አናስታውስም እንጂ። ዣን ዦሬስ ጦርነቱ እንዳይነሣ ሲሟገት ጁላይ 31 ቀን ፓሪስ ቡና ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ተገደለ። በለንደን ሞርሊና በርንስ የሚኒስትርነት ወንበራቸውን ለቀቁ። አገራቸው በተወረረችበት በሰርቢያ እንኳ ሁለት ሶሻሊስት እንደራሴዎች የጦርነቱን ገንዘብ አንፈቅድም አሉ። በዲሴምበር 1914 በርሊን ላይ ካርል ሊብክኔክት ብቻውን ተቃወመ። ሁሉም በማዕበል ተወሰደ የሚለው ትረካ እነዚህን ሰዎች ዳግመኛ ይቀብራቸዋል።

«ሥር» የሚለው ቃል መደበቂያ ሆኖም ያውቃል። በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል በ231ኛው አንቀጹ ለደረሰው ጥፋት ጀርመንንና ባልደረቦቿን ኃላፊ አደረገ። ይህን ለማስተባበል የጀርመን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጦርነቱን ጥፋት ጉዳይ ብቻ የሚመለከት ክፍል አቋቁሞ ለጽሑፍና ለመጽሔት ገንዘብ ሲያፈስ ቆየ። መጀመሪያ የተፈለገው ጀርመን ብቻዋን ጥፋተኛ አይደለችም ማለት ነበር፤ ይህም በከፊል ትክክል ነው። በኋላ ግን ነገሩ ሁሉም አጥፍቷል ወደሚለው፣ ከዚያም ማንም አላጠፋም ወደሚለው ተንሸራተተ። በ1961 የሀምቡርጉ ፕሮፌሰር ፍሪትስ ፊሸር የመዝገብ ቤቱን ሰነድ አገላብጦ የጀርመን መሪዎች አደጋውን እያወቁ ገቡበት የሚል መጽሐፍ ሲያወጣ በገዛ አገሩ ሊቃውንት ዘንድ እንደ ከሃዲ ተቆጠረ። በ1964 ወደ አሜሪካ ሄዶ እንዲያስተምር የተመደበለትን የመንግሥት ገንዘብ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከለከለው፤ የአሜሪካ ባልደረቦቹ ገንዘብ አሰባስበው ወሰዱት። ፊሸር በሁሉም ነገር አልተረታም ማለታችን አይደለም። ክሪስቶፈር ክላርክ በ2012 ባወጣው መጽሐፍ የሰርቢያን፣ የሩሲያንና የፈረንሳይን ድርሻ አጉልቶ አሳይቷል፤ ሊነበብ የሚገባው ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሰዎችና ስለ ውሳኔዎች ነው። በእኛ መድረክ የጠፋው ይህ ነው።

ሞቅ ያለው ጭብጨባ የወደቀው በኢኮኖሚው ክርክር ላይ ስለሆነ እሱን ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል። ሌኒን በ1916 ጽፎ በ1917 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጦርነቱ ካፒታል ወደ ውጭ የሚልኩ መንግሥታት ዓለምን እንደገና ለመካፈል ያነሡት ጠብ ነው አለ። ሐሳቡ ጉልበት አለው፤ አፍሪካዊ ተማሪ በቀላሉ ሊንቀው አይችልም። ሆኖም እሳቱን የጫሩትን እንመርምር። ኦስትሪያ-ሁንጋሪያ ከባሕር ማዶ አንድም ቅኝ ግዛት አልነበራትም። ሩሲያ ካፒታል ላኪ ሳትሆን ከፈረንሳይ ባንኮች ተበዳሪ ነበረች። ብዙ ሲያጨቃጭቅ የኖረው የባግዳድ ባቡር ጉዳይ በእንግሊዝና በጀርመን መካከል የስምምነት ፊርማ የተነካው በጁን 1914፣ ከሳራየቮ ጥይት ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው። የለንደን ከበርቴዎችም በዚያ ሰሞን ጦርነት አማረን አላሉም፤ በድንጋጤ ተውጠው የአክሲዮን ገበያቸውን ጁላይ 31 ቀን ዘጉ።

ጥቅም የለበትም ማለት ግን አይደለም። ኦስትሪያ ከ1906 ጀምሮ ድንበሯን ለሰርቢያ አሳማ ዘግታ የነበረው ቂም በቀልን ያባባሰ የንግድ ጠብ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቅም በግልጽ የሚታየው ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1914፣ ገና በሁለተኛው ወር መሆኑ ነው፣ በጀርመኑ ቻንስለር ቢሮ የተዘጋጀው የፍላጎት ዝርዝር የፈረንሳይን የብሪዬ ብረት ማዕድንና በመካከለኛው አፍሪካ የተያያዘ ሰፊ ቅኝ ግዛት ይጠይቃል። በእኛ አስተያየት ገንዘብና መሬት ጦርነቱን ከማስጀመር ይልቅ እንዳይቆም አድርገዋል። ተከራካሪዎቻችን ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ አደባልቀዋቸዋል።

ኢምፔሪያሊዝም በሌላ መንገድ ግን ከባድ ጥፋተኛ ነው፤ ስለዚህ መንገድ የአውሮጳ መጻሕፍት እምብዛም አያወሩም። በሴፕቴምበር 1911 ኢጣሊያ ያለ በቂ ምክንያት ሊቢያን ከቱርክ እጅ ለመንጠቅ ዘመተች። ከአውሮፕላን ቦምብ መጣል የተጀመረው በዚያ ዘመቻ ነው። ከታላላቆቹ መንግሥታት አንዱም አላስቆማትም። የቱርክን መድከም ያዩት የባልካን መንግሥታት በዓመቱ ተነሡ፤ ሰርቢያ በድሉ ግዛቷን እጥፍ አደረገች፤ ቪየናም ፈራች። ከትሪፖሊ እስከ ሳራየቮ ያለው መንገድ ሦስት ዓመት እንኳ አልፈጀም። በአፍሪካ ሳይጠየቅ የቀረ እጅ ዞሮ አውሮጳን አነደደ።

ይህንኑ እኛ ኢትዮጵያውያን በቤታችን አይተነዋል። ለአያቶቻችን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጀመረው በፖላንድ ሳይሆን በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር መረብን ሲሻገር ነው። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ኢጣሊያ ጥፋተኛ ናት ብሎ ፈረደ፤ በኖቬምበር 1935 የንግድ ማዕቀብ ጣለ፤ ነገር ግን ታንክና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰውን ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ ተወው። የስዌዝ ካናልም አልተዘጋም፤ የጦር መርከቦቹ ቀረጥ እየከፈሉ አለፉ። በዲሴምበር የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለወራሪው ለመስጠት በምሥጢር ተስማሙ። እዚህ ላይ ለክርክራችን የሚጠቅም ነገር አለ፤ ምሥጢሩ በጋዜጣ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ጮኸ፣ ሆርም ከሥልጣኑ ወረደ። መጠየቅ ሲኖር ውሳኔ ይለወጣል ማለት ነው። ሆኖም ጩኸቱ ነዳጁን እስከ ማስቆም አልደረሰም። ዓለም ዓይኑን በእኛ ላይ በጣለበት ወራት፣ ማርች 7 ቀን 1936፣ ሂትለር የቬርሳይን ውል ጥሶ ወታደሮቹን ወደ ራይን ወሰን አስገባ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን ጄኔቭ ላይ ቀርበው ከተናገሩ በኋላ ባለው ወር ማዕቀቡ ተነሣ።

ስለ 1939 ብዙ አንልም። የቬርሳይ ውልና የኢኮኖሚው ድቀት ሂትለርን ወለዱ ይባላል። ድቀቱ አሜሪካንንም ክፉኛ መታ፤ አሜሪካኖች ግን ሩዝቬልትን መረጡ። በጀርመንም ቢሆን የናዚዎች ድምፅ በጁላይ 1932 ከነበረበት 37.3 በመቶ በኖቬምበር ወደ 33.1 በመቶ ወርዶ ሳለ ነው ፎን ፓፐንና ጥቂት ወዳጆቹ ሽማግሌውን ሂንደንቡርግን አግባብተው ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ቻንስለርነቱን ያሰጡት። እንደገና ጥቂት ሰዎች፣ የተዘጋ ክፍል። ከስድስት ዓመት በኋላ ፖላንድን ለመውረር ሰበብ ሲታጣ ደግሞ ኦገስት 31 ቀን 1939 ግላይቪትስ በተባለ ቦታ የፖላንድ ጥቃት እንዲመስል የራዲዮ ጣቢያ በራሳቸው ሰዎች አስጠቁ። ሰበብና ምክንያት በአማርኛ ሁለት ቃል መሆናቸው ያለ ነገር አይደለም።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ቅርቡ ይመልከት። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ዩክሬንን ስትወር በየጉባኤው ያው ክርክር ተነሣ፤ አንዱ የኔቶ ወደ ምሥራቅ መስፋፋት ነው አለ፣ ሌላው የአንድ ሰው ምኞት ነው አለ። ስለ ኔቶ መከራከር ይቻላል፤ ይገባልም። ይሁን እንጂ ከሦስት ቀን በፊት የሩሲያ የጸጥታ ምክር ቤት ስብሰባ በቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ራቅ ብሎ ለብቻው ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጦ፣ ሹማምንቱ ተራ በተራ እየተነሡ ሲያጸድቁ፣ የስለላው ኃላፊ ናሪሽኪን ሲንተባተብና ሲገሠጽ ዓለም ሁሉ ተመለከተ። ከሃምሳ ገጽ ትንተና ያ አንድ ሰዓት የበለጠ ያስረዳል።

የክርክር ክበቡ ኮሚቴ ርእሱን ለሁለተኛ ጊዜ አቀርባለሁ ስላለ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። «የጦርነቱ ሥር ምንድን ነው?» የሚለው ይቅርና «በጁላይ 1914 ማን እምቢ ማለት ይችል ነበር?» ተብሎ ይለወጥ። እያንዳንዱ ተናጋሪ አንድ ሰውና አንድ ቀን ይያዝ፤ ያ ሰው በዚያ ቀን ምን ያውቅ እንደነበር፣ ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር፣ ለማንስ መልስ መስጠት ነበረበት የሚለውን ያስረዳን። ብሔርተኝነትና ኢምፔሪያሊዝምም በዚያው በቦታቸው ይነሡ፤ በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ውስጥ ምን ይሉ እንደነበር እንስማ። ቄሣሩን፣ ዛሩን፣ ሳዞኖቭንና ሞልትኬን የሚይዙ ከወዲሁ ተመዝግበዋል። ቲሳን እይዛለሁ ያለ ግን እስካሁን አልተገኘም።